ማዳመጫውን ከመጣል በፊት



ባሕር ማዶ ካለ ልጁ ጋር በኮምፒዩተር የሚነጋገር አባት፣ የልጁን ቃል እየሰማ የራሱ ድምፅ ሳይደርስ ሲቀር፣ ማዳመጫው ተበላሽቷል ብሎ አዲስ ለመግዛት ይነሣል። ነገር ግን ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳልና፣ ገንዘብ ከማውጣት አስቀድሞ ምክንያቱን በተራ መመርመር ይገባል።

በመጀመሪያ፣ በሽቦው ላይ የማይክሮፎን መዝጊያ ካለ ክፍት መሆኑን ይመልከቱ። ቀጥሎ መሰኪያውን ይመርምሩ። በብዙ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ላይ አረንጓዴው ቀዳዳ ለመስሚያ፣ ሮዝ ቀለም ያለው ለማይክሮፎን ነው። የማዳመጫው መሰኪያ አንድ ብቻ ሆኖ 3 ጥቁር ቀለበቶች ካሉበት ለስልክ የተሠራ ዐይነት ነውና፣ በአረንጓዴው ቀዳዳ ሲሰካ ድምፅ ያሰማል እንጂ አይቀበልም። መድኀኒቱም አንዱን መሰኪያ ለ2 የሚከፍል አነስተኛ ማገናኛ ነው።

በፊት ለፊት ያለው ቀዳዳ እንቢ ቢል በስተኋላ ያለውን ይሞክሩ፤ የፊቱ ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚገናኝበት የውስጥ ሽቦ ተነቅሎ ይሆናልና።

ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ፣ በዊንዶውስ ቅንብሮች ውስጥ ሁለት ነገር ያረጋግጡ፤ አንደኛ፣ የተመረጠው ማይክሮፎን ይኸው መሆኑን፤ ሁለተኛ፣ የመነጋገሪያው ፕሮግራም በማይክሮፎኑ እንዲጠቀም ፈቃድ ማግኘቱን።

በመጨረሻም ማዳመጫውን መሰኪያው በሚስማማው ሌላ መሣሪያ ላይ ይሞክሩት። በዚያም ዝም ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ በዚያ ከሠራ ግን ንጹሑን እንዳይጥሉት። ፍርድ ከምርመራ በኋላ ነውና።