ለምጽ የታየበት ቤት

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ከደሴ ተነሥቶ ወደ ኩታበር የሚያቀና መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ ከቦሩ ሜዳ ይደርሳል። ስፍራው ብርዱ የጸና፣ ሰፊ የደጋ ሜዳ ነው። የታሪክ መጻሕፍት ይህን ሜዳ አዘውትረው የሚያነሡት በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት በተደረገው የሃይማኖት ጉባኤ ምክንያት ነው። በዚያ ጉባኤ የሁለት ልደትና የሦስት ልደት ሊቃውንት ስለ ክርስቶስ ተከራክረው ለተዋሕዶ ተፈረደ። በዚያው ዘመን የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የወሎ ሙስሊሞችም በተቈረጠ ጊዜ ውስጥ ክርስትና እንዲነሡ ታወጀ። ዐዋጁ ያስከተለውን ስደትና ዐመፅ እዚህ መዘርዘር አያሻም፤ አንዱ ወንድም ክርስቲያን፣ ሌላው ሙስሊም ሆኖ በሚኖርበት አገር ግን ነገሩ በቀላሉ የሚረሳ አይደለም።

ይኸው ሜዳ ሌላም ታሪክ አለው፤ እሱ በመጻሕፍት ብዙ አይወሳም። በ1940ዎቹ ዓ.ም. የሱዳን ውስጥ ሚሲዮን (ኤስ. አይ. ኤም.) የተባለው የወንጌላውያን ድርጅት ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመበት። ሊቃውንቱ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በተከራከሩበት ሜዳ ላይ፣ ከሰባ የሚበልጡ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ቍስል የማጠብና እግር የማከም ሥራ ተጀመረ።

ወደዚያ የመጡት ሕሙማን የተሸከሙት በሽታቸውን ብቻ አልነበረም፤ በየመንደራቸው የተፈረደባቸውንም ፍርድ ይዘው ነው። ሥጋ ደዌ በዘር የሚወርድ ነው፣ የእርግማን ወይም የኃጢአት ዋጋ ነው የሚለው እምነት በአገሪቱ ሥር የሰደደ ነበር፤ ፈጽሞ ጠፍቷል ማለትም አይቻልም። ለዚህ ፍርድ ምስክር ሊሆኑ ከሚችሉት መካከል የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ይገኙበታል፤ ሙሴን ያማችው ማርያም፣ ከንዕማን እጅ መንሻ የተቀበለው ግያዝ፣ እንዲሁም ንጉሡ ዖዝያን። ዖዝያን ለመሐንዲስ ይልቁንም የሚቀርብ ሰው ነው፤ ግንብ ያሠራ፣ በምድረ በዳ ጕድጓድ ያስቈፈረ፣ ብልሃተኞች የፈለሰፉትን መሣሪያ በቅጥሩ ላይ ያስተከለ ንጉሥ ነበርና። ሥራው በሰመረለት ጊዜ ልቡ ታበየ፤ የካህናቱን ድርሻ ወስዶ በመቅደስ ሊያጥን ሲል በግንባሩ ላይ ለምጽ ወጣበት።

እነዚህ ታሪኮች የተነገሩት ስለ ሐሜት፣ ስለ ስስትና ስለ ትዕቢት ነው። ሰሚው ግን ብዙ ጊዜ ገልብጦ ይይዛቸዋል፤ በኃጢአተኛው ላይ ለምጽ ወጣ ከሚለው ተነሥቶ፣ ለምጽ የወጣበት ሁሉ ኃጢአተኛ ነው ወደሚለው ይሻገራል። ጎርፍ ቤት ያፈርሳል ማለት የፈረሰ ቤት ሁሉ በጎርፍ ፈረሰ ማለት እንዳልሆነ ማንኛውም የሕንፃ ተቆጣጣሪ ያውቃል። በሙያው እንዲህ ያለውን ሪፖርት የማይቀበል መሐንዲስ፣ በሰንበቴ ወይም በለቅሶ ቤት ተመሳሳዩን ፍርድ ሲሰማ ግን ዝም ይላል።

ከዕለት ኑሮና ከቅዱስ መጽሐፍ ታሪክ የእምነት ትምህርት ማውጣት መልካም ልማድ ነው። ሆኖም ትምህርቱ ያረፈበት መሠረት ካልታየ ሰውን ሊጎዳ ይችላል፤ በሥጋ ደዌ ሕሙማን ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። እዚያው አጠገብ በቦሩ ሥላሴ ያስተማሩት ስመ ጥሩው መምህር አካለ ወልድ የሚታወቁበት የትርጓሜ ትምህርት በዚህ ረገድ ጥብቅ ሥርዓት አለው። መምህሩ «አንድም» ብሎ ምሥጢር ከማምጣቱ አስቀድሞ ንባቡ መቃናት፣ ቃሉም ምን ማለት እንደሆነ መታወቅ አለበት።

እንግዲህ «ለምጽ» የሚለው ቃል ይታይ። ኦሪት ዘሌዋውያን በ13ኛውና በ14ኛው ምዕራፍ ለምጽ በሰው ቆዳ፣ በልብስና በቤት ግድግዳ ላይ እንደሚወጣ ይናገራል። ልብስና ግድግዳ ሥጋ ደዌ አይዛቸውም። ስለዚህ ቃሉ የሚሸፍነው ልዩ ልዩ የቆዳ በሽታንና ምናልባትም ሻጋታን እንጂ፣ ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ያገኘለትን አንድ በሽታ ብቻ አይደለም። (ይህ የሆነው ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ የሚያስገርም ነው፤ ዜናው ግን ወሎ እስኪደርስ ብዙ ዘመን ፈጅቷል።)

ስለ ቤት ለምጽ የተጻፈው ክፍል በሰባኪዎች ዘንድ እምብዛም አይነሣም፤ በሕንፃ ሥራ ላይ የዋለ ሰው ግን ቢያነበው የገዛ ሥራውን ያገኝበታል። ባለቤቱ በግድግዳው ላይ ያጠራጠረውን ነገር ሲያይ ወደ ካህኑ ይሄዳል። ሲናገርም ለምጽ ነው ብሎ አይቈርጥም፤ የሚመስል ነገር እንዳየ ብቻ ይገልጻል። ካህኑ ከመግባቱ በፊት ዕቃው ሁሉ ከቤት እንዲወጣ ያዝዛል፤ ቤቱ ርኩስ ቢባል ዕቃው አብሮ እንዳይረክስ ነው። ድኻው ሰው ቤቱን ሊያጣ ቢችል እንኳ ማድጋውና አጎዛው ይተርፉለት ዘንድ ሕጉ አስቀድሞ አስቧል። ከዚያ ካህኑ ገብቶ ያያል፤ አረንጓዴ ወይም ቀይ የሆነ፣ ከግድግዳው ፊት ይልቅ የጠለቀ መሆኑን ይመረምራል። ቢያገኘውም እንኳ ወዲያው አይፈርድም፤ ቤቱን ሰባት ቀን ዘግቶ ይመለሳል።

ዛሬ በአንድ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ሲታይ ጥንቁቅ መሐንዲስ ምን ያደርጋል? በስንጥቁ ላይ አሻግሮ ጥቂት ጀሶ ይለጥፋል፤ በጀሶው ላይ ቀኑን ይጽፋል፤ ይሄዳል። ከሳምንታት በኋላ ሲመለስ ጀሶው ደኅና ከሆነ ስንጥቁ የቆየና ያረፈ ሊሆን ይችላል፤ ጀሶው ከተሰነጠቀ ግን ሕንፃው አሁንም በመንቀሳቀስ ላይ ነው። መረሬ ወይም ዋልካ በሚባለው ጥቁር አፈር ላይ የተሠራ ቤት ክረምት አፈሩ ሲያብጥ፣ በጋ ሲኮማተር አብሮ ስለሚነሣና ስለሚወርድ፣ አንድ ቀን ብቻ ተመልክቶ መፍረድ ያሳስታል። (በወንጌል ሰነፉ ሰው ቤቱን የሠራው በአሸዋ ላይ ነው፤ ምሳሌው በወሎ ቢነገር ኖሮ ሳይሆን አይቀርም መረሬው ይጠቀስ ነበር።) በሰባተኛው ቀን ካህኑ ተመልሶ ለምጹ ሰፍቶ ቢያገኝ፣ የተያዙት ድንጋዮች ብቻ ወጥተው ከከተማ ውጭ ይጣላሉ፤ የውስጡ ልስን ሁሉ ይፋቃል፤ ሌላ ድንጋይ ይገባል፤ በአዲስ ጭቃ ይለሰናል። ቤቱ የሚፈርሰው ይህ ሁሉ ተደርጎ ለምጹ ዳግመኛ የመጣ እንደሆነ ነው። አንድ ግድግዳ ይህን ያህል ትዕግሥት ካገኘ፣ ሰው በአንድ እይታ ከመንደር የሚባረርበት ምክንያት ከዚህ መጽሐፍ አይገኝም።

በሉቃስ ወንጌል 13ኛ ምዕራፍ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱ 18 ሰዎች ተጽፏል። በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ነበሩ ወይ ለሚለው ሐሳብ የክርስቶስ መልስ አይደሉም የሚል ነው፤ ነገሩንም ወደ ጠያቂዎቹ ንስሐ መልሶታል። ግንቡን ማን እንደሠራው፣ መሠረቱ ምን እንደነበረ ወንጌሉ ዝም ይላል። ስለ ሠሪው ኃላፊነት የሚናገረው ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ ነው፤ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ ያድርግ፣ አለዚያ ከዚያ የሚወድቀው ሰው ደም በቤቱ ላይ ይሆናል ይላል። እነዚህን ሁለት ክፍሎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ የሚያነብ መሐንዲስ ሥራው ይከብድበታል። የወደቀበት ሰው ከፍርድ ነፃ ወጥቷል፤ መከታውን ያልሠራው ሰው ግን ነፃ አልወጣም። አደጋ በደረሰ ጊዜ «የእግዜር ቍጣ ነው» ተብሎ የሚዘጋ ምርመራ ሁለቱንም ክፍሎች የሚቃረን ነው፤ በሃይማኖት ቋንቋ የተነገረ መሆኑም ይህን አያቀልለውም።

ግድግዳ ሕመሙን በስንጥቁ ይናገራል። በሥጋ ደዌ የተያዘ እግር ግን አይናገርም፤ የበሽታው ዋና ክፋትም እዚህ ላይ ነው። ባክቴሪያው ነርቮችን ስለሚጎዳ ሕመምተኛው ሚስማር ሲወጋው፣ ፍም ሲያቃጥለው አይሰማውም። ጣቶች በበሽታው በስብሰው ይወድቃሉ ተብሎ ለብዙ ዘመን ሲታመን፣ በሕንድ አገር በቬሎር የሠሩት እንግሊዛዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ፖል ብራንድ ጉዳቱ በአብዛኛው ካልተሰማ ቍስልና ግፊት የሚመጣ መሆኑን አሳይተዋል። መድኃኒቱም ከፊሉ የመሐንዲስ ሥራ ነው። ለእነዚህ ሕሙማን የሚሠራው ጫማ ሚስማር እንዳያልፈው ከሥር ጠንካራ፣ ከውስጥ ለስላሳ ነው፤ የሰውነቱን ክብደት በአንድ ነጥብ ላይ ከማረፍ ከልክሎ በሰፊው ያከፋፍለዋል። የሕንፃ መሠረትም ይህንኑ ይሠራል፤ ከዓምዱ የሚወርደውን ጭነት አፈሩ ሊችለው እስኪችል ድረስ ያሰፋዋል።

ጫማው ብቻውን ግን አይበቃም። እግሩ በየቀኑ በውኃ መዘፍዘፍ፣ የደረቀው ቆዳ መፋቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ከዚያም ውስጡ መታየት አለበት። የገዛ ውስጥ እግሩን አጥርቶ ማየት ለማይችል ሰው ሌላ ሰው ያይለታል። በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ የምእመናንን እግር ሲያጥቡ የሚታሰበው በዮሐንስ ወንጌል 13ኛ ምዕራፍ የተጻፈው ሕጽበት ነው፤ ጌታ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ፣ ውኃ በመታጠቢያ ቀድቶ፣ ጎንበስ ብሎ ነበር። በዓመት አንድ ቀን የሚታየው ያ ሥርዓት ነርቩ ለሞተ እግር የየማለዳ ሕክምና ነው። አጣቢው ሲያጥብ እግሩን ያያል፤ ያልተሰማውን ቍስል መጀመሪያ የሚያገኘው እርሱ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት በ1981 እ.ኤ.አ. ሦስት መድኃኒቶች በአንድነት እንዲሰጡ ካሳሰበ ወዲህ ሥጋ ደዌ ፈጽሞ የሚድን በሽታ ሆኗል፤ ሕክምናው እንደ በሽታው ዓይነት ስድስት ወይም ዐሥራ ሁለት ወር ይፈጃል። የቦሩ ሜዳው ሆስፒታልም ዛሬ አጠቃላይ ሆስፒታል ነው፤ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ብቻ የሚላክበት ስፍራ መሆኑ ቀርቷል። ሆኖም መድኃኒቱ የታጠፈ ጣት አይዘረጋም፤ የጎደለውንም አይመልስም። ከበሽታው ነፃ መሆኑ የተረጋገጠለት ሰው ወደ መንደሩ ሲመለስ ጎረቤቱ የሚያየው ጣቱን ነው፤ ፍርዱንም ከዚያው ያነባል።

የኦሪቱ ሕግ ከለምጽ ለነጻ ቤትና ከለምጽ ለነጻ ሰው ያዘዘው የመንጻት ሥርዓት በመጀመሪያው ክፍል ተመሳሳይ ነው፤ ሁለት ወፎች ይመጣሉ፣ አንዷ ትታረዳለች፣ ሁለተኛዪቱ በሕይወት ወደ ሜዳ ትለቀቃለች። በሰውየው ሥርዓት ግን አንድ ነገር ይቀድማል። ነጻሁ ብሎ በሰዎች መካከል እየዞረ ራሱን እንዲያስረዳ አይገደድም። ለምጽ የያዘው ሰው የሚቀመጠው ከሰፈር ውጭ ስለሆነ፣ ካህኑ ራሱ ከሰፈር ወጥቶ ወደ እርሱ ይሄዳል፤ እዚያው ያየዋል።