ስለ ዕዳና ስለ ዕቁብ



ለተዝካር በአራጣ የተበደረ ሰው፥ ወለዱን ሲከፍል ዓመት አልፎ ዋናው ዕዳ እንዳለ ይቀራል። ሟቹን የሚረዳው ጸሎቱና ምጽዋቱ እንጂ የጠጁ ብዛት እንዳይደለ ማንም ያውቃል፤ ነገር ግን ጎረቤት እንዳይታዘብ ተብሎ ይደገሳል።

ለእንዲህ ያለው ሰው ዕቁብ መውጫ ይሆነዋል። 20 ሰዎች በየወሩ 500 ብር ቢጥሉ 10,000 ብር ይሰበሰባልና፥ ዕጣ የወጣለት ባልንጀራ ተራውን ቢለቅለት አራጣውን ባንድ ጊዜ ይዘጋል፤ ከዚያም ያለ ወለድ ለወንድሞቹ ይከፍላል። ጭንቁ ግን ከዚህ በኋላ ነው። ዕቁቡን አስቀድሞ የበላ ሰው እስከ መጨረሻው ዕጣ መጣል አለበትና፥ ቢያቋርጥ ዋሱ ይያዛል። ስለዚህ ባልና ሚስት ተመካክረው፥ ደመወዙ እንደ ገባ ከገበያ በፊት የዕቁቡን ብር ለይተው ያስቀምጡ። ያልሞላ እንደ ሆነም ዋሱ ከሌላ ሰው አፍ ሳይሰማው፥ ባለዕዳው ራሱ ሄዶ ይንገረው።