ክብደት ያጣው ባቡር



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ሰማያዊ ባቡር ነው። ስሙ ቶማስ ይባላል። ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ብዙውን ጊዜ ያውቀዋል፤ በፊልም ባያውቀው በቦርሳ ወይም በቲሸርት ላይ አይቶታል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገርና ወደ ጉዳዬ ልግባ።

«ቶማስና ጓደኞቹ» የተባለው ተከታታይ ፊልም ከ1984 ጀምሮ በእውነተኛ የሞዴል ባቡሮች ሲቀረጽ ኖሮ በ2009 ሙሉ በሙሉ ወደ ኮምፒውተር አኒሜሽን ዞረ። ይህን ለውጥ የሚነቅፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሱት ሥዕሉን ነው። ፊቶቹ ፕላስቲክ ይመስላሉ፣ ቀለሙ ይጮኻል ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሥዕሉ ደህና ነው፤ አንዳንዴ እንዲያውም ያምራል። ጉድለቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ኮምፒውተሩ ከባቡሮቹ ላይ ክብደታቸውን አነሳ፤ ደራሲዎቹም በክብደቱ ፋንታ የሚተካ ነገር ሳያበጁ ቀሩ።

ነገሩ እንዲገባን ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። የቶማስ ፈጣሪ ዊልበርት ኦድሪ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ልጃቸው ክሪስቶፈር ኩፍኝ ይዞት ሲተኛ ያወሩለት ተረት በ1945 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ፤ ቶማስ ራሱ የመጣው በ1946 በሁለተኛው መጽሐፍ ነው። ኦድሪ ባቡር አፍቃሪ ብቻ ሳይሆኑ ባቡር አዋቂ ነበሩ። ሎኮሞቲቮቻቸው ያወራሉ፣ ይኮራሉ፣ ይቀናናሉ፤ ነገር ግን በሐዲድ ላይ የሚደርስባቸው ሁሉ በእውነተኛ ባቡር ላይ ሊደርስ የሚችል ነው። ቶማስ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የሚገባበትን ታሪክ ውሰዱ። ለዚህ ታሪክ መነሻ ነው የሚባለው በ1892 በሰሜን እንግሊዝ ሊንዳል በተባለ ቦታ የደረሰ አደጋ ነው፤ በሎኮሞቲቩ ሥር መሬቱ ተደረመሰና ዋጠው። ነጂው ዘሎ ተረፈ። ሎኮሞቲቩ ግን ዛሬም ከመሬት በታች ነው።

ሌላም ታሪክ አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ቶማስ «ያለ ነጂ መሄድ እችላለሁ» ብሎ ይፎክራል። በማግሥቱ ጠዋት እሳቱ ተቀጣጥሎ እንፋሎቱ ሲሞላ በእርግጥም ብቻውን መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ሲሄድ ሄዶ የጣቢያ ኃላፊውን ቤት ግድግዳ ጥሶ ቤተሰቡ ቁርስ ላይ እንዳለ ይገባል። አሁን እዚህ ላይ አስተውሉ። ተረት ነው፤ ባቡሩ ይናገራል፤ «አስማት ነው» ቢባል የሚከራከር ልጅ የለም። ኦድሪ ግን ምክንያቱን ያስቀምጣሉ፤ ባቡሩን የሚያጸዳው ሠራተኛ በግድየለሽነት መቆጣጠሪያውን ነካክቶት ነበር። ልጁ ስቆ ሲጨርስ፣ ማሽን በራሱ እንደማይነሳ፣ ከኋላው የሰው እጅ እንዳለ ሳያውቀው ያውቃል።

የሞዴሎቹ ዘመን ይህን ጠባይ ጠብቆ የቆየው ግማሹን በፍላጎት፣ ግማሹን በግድ ነው። የተከታታይ ፊልሙ ፈጣሪ ብሪት ኦልክሮፍትና ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሚተን ያሠሯቸው ባቡሮች ትክክለኛ የብረት መንኮራኩር ነበራቸው፤ ዓይኖቻቸው በሬዲዮ መቆጣጠሪያ ይንቀሳቀሳሉ፤ ፊታቸው ሲቆጣ አንዱ ፊት ተነስቶ ሌላው ይገጠማል። አፋቸው አይንቀሳቀስም፤ ስለ ሁሉም የሚናገረው አንድ ተራኪ ነው። መጀመሪያ ላይ ይህ ተራኪ የቢትልሱ ከበሮ መቺ ሪንጎ ስታር ነበር። እንዲህ ያለ ባቡር መዝለል አይችልም። ሲገለበጥ ግን በእርግጥ ይገለበጣል፤ አቧራው ይነሳል፣ ፉርጎው ይሰበራል።

ኮምፒውተሩ ሲመጣ አፍ ተንቀሳቀሰ፣ እያንዳንዱ ባቡር የራሱን ድምፅ አገኘ። ይህ ትርፍ ነው፤ አልክድም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማየት ግን ያው አንድ ባቡር፣ በያው አንድ ድክመት፣ በሁለቱ ዘመናት ምን እንዳጋጠመው ማስተያየት ይበቃል።

ጄምስ በቀይ ቀለሙ የሚመካ ባቡር ነው። በቀድሞው ታሪክ ሌሎቹን «ቆሻሾች» እያለ ይሰድባል። ከዚያ ፉርጎዎች እየጎተተ ቁልቁለት ሲወርድ ከኋላ ይገፉታል፤ መቆም ያቅተዋል፤ ከፊቱ ያሉት ሬንጅ የጫኑ ፉርጎዎች ላይ ይወጣል። ያ የሚያብረቀርቅ ቀይ ጥቁር ሆኖ ያርፋል። ለማዳን ከሚላኩት አንዱ ደግሞ ጄምስ የሰደበው ባቡር፣ ቶቢ ነው። ትዕቢቱን የቀጣው ቁልቁለቱ፣ የጭነቱ ክብደትና ሬንጁ ነው፤ ማንም አልመከረውም።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ ዘመን፣ በ2010 ወደ ወጣ አንድ ታሪክ እንምጣ። ጄምስ አዲስ ቀለም ሊቀባ ገብቶ የመሠረት ቀለሙ ሮዝ ሆኖ ሳለ ድንገት ሥራ ይታዘዛል፤ የድርጅቱ ኃላፊ የሰር ቶፕሃም ሃት የልጅ ልጅ ልደት ስለሆነ ልጆች እንዲያመጣ ነው። በሮዝ ቀለሙ ያፍራል፤ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ይደበቃል። መጨረሻ ላይ ልጅቷ የምትወደው ቀለም ሮዝ ሆኖ ይገኝና ሁሉም ይደሰታል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ አስቂኝም ነው። ግን ባቡር እንዴት ይደበቃል? ሐዲዱን ማን ቀየረለት? ነጂው በቦታው ተቀምጦ ይታያል፤ ቃል አይናገርም፣ እጁን አያነሳም። ነጂው ራሱ ተሳፋሪ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ጄምስስ ምን ከፈለ? ያፈረበት ነገር ራሱ ሽልማት ሆነለት።

በእነዚያ ጥቂት ዓመታት፣ ከአሥራ ሦስተኛው እስከ አሥራ ስድስተኛው ምዕራፍ፣ ታሪኮቹ ሁሉ በአንድ ቅርጽ ይፈሱ ነበር። ባቡሩ ይታዘዛል፤ የራሱን ብልሃት ያመጣል፤ ሦስት ጊዜ ያጠፋል፤ ይቅርታ ይጠይቃል። ትረካው በተመሳሳይ ፊደል በሚጀምሩና ቤት በሚመቱ ቃላት የታጨቀ ነው። አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሁለተኛውን ጥፋት አይቶ ሦስተኛውን ይነግራችኋል። ድግግሞሽ ለሕፃን ጥሩ ነው የሚል መምህር እዚህ ይኖራል፤ ልክ ነው። የእኛ ተረቶችም ሦስቴ ይደጋግማሉ። ልዩነቱ በተረት ሦስተኛው ከሁለቱ የተለየ መሆኑ ላይ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በኮምፒውተሩ ላይ መጫን ግን ፍትሕ አይሆንም። ገና በሞዴሎቹ ዘመን፣ ከሦስተኛው ምዕራፍ አንዱ ታሪክ ሄንሪ የተባለው ባቡር ዛፎቹን ለማየት ዋና መስመር ላይ ሲቆም አሳይቶ ኦድሪን አስቆጥቷል፤ ባቡር እንዲህ ሲቆም ሠራተኞቹ ለምልክት ቤት ማሳወቅ ግዴታቸው መሆኑን የእንግሊዝ ባቡር ሕግ ቁጥር 55 እየጠቀሱ ተከራክረዋል። (አንድ ቄስ ከልጆች ፊልም ጋር በባቡር ደንብ ሲሟገት ማየት ደስ ይለኛል።) በሌላ በኩል በ2013 አንድሩ ብሬነር ዋና ጸሐፊ ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ያው ኮምፒውተር ሆኖ ሳለ፣ ታሪኮቹ ተሻሻሉ፤ ባቡሮቹ እንደገና ሥራ ያላቸው ባቡሮች መሰሉ። ስለዚህ መሣሪያውን መውቀስ አያዋጣም።

ገንዘቡም የራሱ ድርሻ አለው። የአሻንጉሊት ኩባንያው ማቴል የፊልሙን ባለቤት ድርጅት በ680 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ በ2012 ተረከበ። አሻንጉሊት ሻጭ አዲስ ፊት ይፈልጋል። በ2018 ኒያ የምትባል ኬንያዊት ባቡር መጣችና ታሪኮቹ ወደሚካሄዱባት ልብ ወለድ ደሴት ወደ ሶዶር ገብታ ከቶማስ ጋር መሥራት ጀመረች። አፍሪካዊት ባቡር በማየቴ ደስ ብሎኛል፤ ደስታዬ ግን ከድሬዳዋ የመጣ ሰው አጠገቤ ቢቀመጥ አይዘልቅም። የኬንያ አሮጌ ሐዲድ ልክ እንደ ቀድሞው የኢትዮ-ጅቡቲ መስመር ወርዱ 1,000 ሚሊሜትር ነው፤ ሶዶር የምትከተለው የእንግሊዝ ሐዲድ ግን 1,435 ነው። በአሮጌውና በአዲሱ የጅቡቲ መስመራችን መካከልም ያለው ልዩነት ይኸው ነው፤ የአንዱ ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ አይቆምም። ኒያ ግን እንዲሁ ሥራ ጀመረች። የሶዶር ሐዲድ ለምን እንዳልገጠማት፣ መንኮራኩሯ እንዴት እንደተቀየረ አንድ ሙሉ ክፍል ሊወጣው ይችል ነበር፤ የእንግዳ አገር ኑሮን ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ታሪክ ከየት ይመጣል? አልነኩትም።

«ልጅ ይህን ሁሉ የት ያያል?» የሚል መልስ ከሙያ ባልደረቦቼ ሰምቻለሁ። ልጆች እኮ አይተውታል። መጽሐፎቹ ገና ሲወጡ ትንንሽ አንባቢዎች ለኦድሪ ይህ መስመር የት ይደርሳል፣ በዚያኛው ሥዕል ላይ ያለው ከዚህኛው ጋር ለምን አይገጥምም እያሉ ይጠይቁ ነበር። ኦድሪም «ተረት ነው» ብለው አላለፉትም። ከወንድማቸው ከጆርጅ ጋር ተቀምጠው በእንግሊዝና በማን ደሴት መካከል ሶዶርን ፈጠሩ፤ ካርታዋን ሣሉ፣ ታሪኳን ጻፉ፣ መስመሮቿን ዘረጉ። የደሴቲቱ መነሻ የልጆች ጥያቄ ነው።

ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።