ሉቃስ ነው ወይስ ማርቆስ?

እሱ፦ የሞባይል መተግበሪያ ልሥራ ብሎ የሚነሳ ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ቴሌግራምን የሚያክል ነገር ነው። እኔ ግን ከትንሽ ጀምሩ ባይ ነኝ።

እሷ፦ ትንሽ ስትል?

እሱ፦ ዓመተ ምሕረቱን ስትጽፊለት ዘመኑ ከአራቱ ወንጌላውያን የማን እንደሆነ የሚነግርሽ። ዓመቱን ለ4 ማካፈል ነው፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ። በይ 2019ን ሞክሪው።

እሷ፦ ቆይ... ቀሪው 3። ሉቃስ! ጳጉሜን 6 ትሆናለች ማለት ነዋ። ኮድ የማያውቅ ሰውስ በምን ይሠራዋል?

እሱ፦ የኤምአይቲው አፕ ኢንቬንተር አለ፣ በነፃ። ብሎኮቹን እየጎተትሽ መገጣጠም ነው፤ «ቁልፉ ሲነካ» የሚለው ብሎክ ውስጥ ስሌቱን ትከቺዋለሽ። ስልክሽ ላይ ኮምፓኒየን የሚባለውን የራሱን መተግበሪያ ጭነሽ አፕ ኢንቬንተር የሚያሳይሽን ኪውአር ኮድ ስካን ስታደርጊ፣ የሠራሽው እዚያው ይታይሻል።

እሷ፦ ሰው ምንም ሳይጽፍ ቁልፉን ቢነካስ?

እሱ፦ ስህተት ብሎ ይጮኻል። ስለዚህ የተጻፈው ቁጥር መሆኑን የሚፈትሽ «ከሆነ» ታስቀድሚያለሽ። እኔን ከጠየቅሽኝ ዋናው ትምህርት እዚህ ጋ ነው፤ ቀለም መምረጥማ ማን ያቅተዋል?

እሷ፦ እሱ ላይ አልስማማም! እናቴ ፀሐይ ላይ ቆማ ማንበብ ካቃታት ምን ዋጋ አለው? ጽሑፉን ተለቅ፣ ጀርባውን ነጭ።

እሱ፦ እሺ፣ ተለቅ ይበል።