የጻፉትን ለሰው ማስነበብ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያደረገው ንግግር



የምናገረው፣ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ሥራውን ለሌሎች አንብቦ ትችት መቀበሉ ስለሚሰጠው ጥቅም ነው። ይህን ርእስ የመረጥሁት ዐዋቂ ሆኜ ሳይሆን ነገሩ በራሴ ላይ ስለ ደረሰ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ አጭር ልብ ወለድ ጻፍሁ። ታሪኩ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገር ስለምትሄድ ልጃገረድ ነበር። ልጅቱ በመጀመሪያው ገጽ ታለቅሳለች፤ በመጨረሻውም ገጽ ታለቅሳለች። ለሦስት ወዳጆቼ ባሳያቸው ሦስቱም «እጅግ ግሩም ነው!» አሉኝ። እኔም ደራሲ የሆንሁ መሰለኝ። ዳሩ ግን ከዚያ ሁሉ ምስጋና አንዲት ዐረፍተ ነገር እንኳ ለማረም የሚረዳኝ ቃል አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ ስድስት ተማሪዎች ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ መጻሕፍቱ እየተሰበሰብን ጽሑፋችንን መነባበብ ጀመርን። ተራዬ ደርሶ ባነበብሁ ጊዜ ሁሉም ዝም አሉ። በመጨረሻ አንዱ ቀስ ብሎ፣ «የኔ እኅት እዚያው ናት። የሄደች ዕለት አላለቀሰችም፤ እናታችን እንዳታለቅስ ብላ ሌሊቱን ሁሉ ስታስቀን ዐደረች። ያንተን ልጅ ግን አላውቃትም» አለኝ።

ፊቴ ጋለ። ማታ ወረቀቱን ልቀድደው አነሣሁት። ነገር ግን ደግሜ ባነበው ልጁ እውነቱን ነበር፤ እኔ እንባ ጻፍሁ እንጂ ሰው አልጻፍሁም። የእኅቱን ሳቅ የእርሷ ስለ ሆነ አልወሰድሁትም። በፈንታው የኔይቱ ልጅ በመጨረሻው ሌሊት የታናሽ ወንድሟን የደንብ ልብስ ቁልፍ ስትተክል አሳየሁ። ሁለተኛ ባነበብሁ ጊዜ ያው ልጅ፣ «አሁን በመንገድ ባገኛት ዐውቃታለሁ። መግቢያው ግን ረዝሟል» አለኝ። እንደዚህ ያለ ምስጋና አግኝቼ አላውቅም።

ይህ ሥራ አዲስ አይደለም። በአገራችን የቅኔ ቤት ተማሪው ብቻውን ሆኖ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ከዚያም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ያርምለታል። በእንግሊዝ አገርም በኦክስፎርድ እነ ሲ ኤስ ሉዊስና ጄ አር አር ቶልኪን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ሐሙስ ማታ እየተሰበሰቡ ገና ያላለቀ ጽሑፋቸውን ይነባበቡ ነበር። ቶልኪን በ1954 እና በ1955 ያሳተመውን «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለውን ረጅም ታሪክ ምዕራፍ በምዕራፍ ያነበበው ለእነዚህ ወዳጆቹ ነው።

እንግዲህ ከቅዳሜዎቻችን የተማርሁትን ባጭሩ ልንገራችሁ። አድማጭ የሆናችሁ፣ «ጥሩ ነው» ብላችሁ አትለፉ፤ የት ላይ እንደ ሰለቻችሁ፣ የት ላይ እንዳላመናችሁ ተናገሩ። ትችታችሁም በጽሑፉ ላይ እንጂ በጻፈው ሰው ላይ አይሁን። ጸሐፊ የሆናችሁ ደግሞ ስትተቹ አትከራከሩ፤ ታሪኩ በታተመ ጊዜ ካንባቢው አጠገብ ቆማችሁ ልታስረዱት አትችሉምና። ሆኖም ምክሩን ሁሉ አትቀበሉ። አንባቢ የታመመውን ቦታ ያሳያል እንጂ መድኃኒቱን ሁልጊዜ አያውቅም፤ መድኃኒቱን መፈለግ የጸሐፊው ፈንታ ነው።

አባቶቻችን «የሚወድህ ያስለቅስሃል፣ የሚጠላህ ያስቅሃል» ይላሉ። እኛ ስድስታችን በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ፈጽመን እንበታተናለን። የቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ግን እዚያው ነው። የታችኛው ክፍል ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ በሚመጣው ዓመት ቅዳሜ ባዶውን እንዳታሳድሩት ዐደራ እላችኋለሁ።