ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ ያለው ረጅም መንገድ

በገዴራ ለወላጆችና ለወጣቶች የተደረገ ንግግር

እንድናገር የተጠየቅሁት «የእኛ ልጅ እንዴት የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሊሆን ይችላል?» በሚል ርዕስ ነው። ርዕሱ ለወጣቶች ብቻ ይመስላል። እኔ ግን ዛሬ በይበልጥ የምናገረው ለወላጆች ነው። ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚወሰነው በዩኒቨርሲቲ ቢሮ ሳይሆን በየቤታችን፣ ቡና ተፈልቶ በምንቀመጥበት ቦታ ነው።

እንደምታውቁት ወገናችን በዚህ አገር ብዙ ደክሞ ብዙ አፍርቷል። ዛሬ ነርስ፣ ጠበቃ፣ መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ የጦር መኮንን የሆኑ ልጆች አሉን። የባግሩት ወረቀት ሲመጣ እልል እንላለን፤ የመጀመሪያው ዲግሪ ሲመጣ ድግስ እንደግሳለን። ከዚያ በኋላስ? ልጁ ወይም ልጅቱ «ገና መማር እፈልጋለሁ፤ እስከ ዶክትራት ልቀጥል» ሲሉ ግን ቤቱ ዝም ይላል። ቀጥሎም «እስከ መቼ ነው የምትማረው? ሥራ አትይዝም ወይ? ትዳርስ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ይህን የሚጠይቅ ወላጅ ክፉ አይደለም። ማሽካንታ የሚከፍል፣ ጀርባው በፋብሪካ ሥራ የጎበጠ፣ ልጁ እንደ እርሱ እንዳይቸገር የሚፈልግ ሰው ነው። ነገር ግን በዩኒቨርሲቲ የመምህርነት ወንበር ላይ ወገኖቻችን ጥቂት የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጆቻችን የሚቀሩት በመንገዱ መጀመሪያ ብቻ ሳይሆን በመካከሉ ነው፤ እኛ «በቃ፣ ደረሱ» ባልንበት ቦታ።

ለመሆኑ ፕሮፌሰር ሥራው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ማስተማር ብቻ ይመስለዋል። ማስተማሩ የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ማንም እስካሁን መልስ ያልሰጠበትን ነገር መመርመር ነው። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በ1964 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በአድዋ ስለ ብልሃርዝያ በሽታ ያጠኑ ነበር። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከእነርሱ ዝቅ ብሎ በውሃው ውስጥ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ብልሃርዝያን የሚያመጣው ትል የሚያድገው በቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ነው። እንግዲህ እንዶዱ ቀንድ አውጣውን ከገደለ በሽታውንም ሊቀንስ ይችላል ማለት ነው ብለው ዓመታት ሙሉ መረመሩ። በ1989 እርሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ብዙዎች «አማራጭ ኖቤል» የሚሉትን ሽልማት በስዊድን ተቀበሉ። እናቶቻችንም በእንዶድ ልብስ አጥበዋል። ዕውቀቱ በእጃቸው ነበር። ያንን አይቶ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ፣ ጠይቆም እስከ መጨረሻ የሚከታተል ሰው ግን ያስፈልግ ነበር። ፕሮፌሰር ማለት ይህ ሰው ነው።

ለእኛ ለቤተ እስራኤል ደግሞ ጉዳዩ የበለጠ ይነካናል። ስለ እኛ ብዙ ተጽፏል። ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው በ1951 የጸሎትና የሃይማኖት ጽሑፎቻችንን በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ ፕሮፌሰር ስቲቨን ካፕላን በ1992 ስለ ታሪካችን መጽሐፍ አወጡ። ለሥራቸው ክብር እንሰጣለን። ሆኖም መጠይቅ ተሸክሞ ወደ ሰፈራችን የሚመጣ ተማሪ ምን እንደሚጠይቅ የሚወስነው ማን ነው? ስለ ልጆቻችን በመምህራን ኮሌጅ የሚሰጠውን ትምህርት የሚያዘጋጀውስ? ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ሁልጊዜ መልስ ሰጪዎች ብቻ ሆነን ከቀረን፣ ሌላው ሰው መጠየቅ ያላሰበው ነገር ሳይጠየቅ ይቀራል። ሽማግሌዎቻችንም የሚያውቁትን ይዘው ያልፋሉ።

አንዳንድ ሰው «ይህን ያህል ዘመን መማር የእኛ ልማድ አይደለም» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። በጎንደርም ሆነ በትግራይ ቄስ ለመሆን የፈለገ ልጅ ከመምህሩ ጋር እየኖረ፣ ኦሪቱንና ጸሎቱን በግዕዝ እያጠና ስንት ዓመት ይቆይ ነበር? «እስከ መቼ?» የሚለው አልነበረም። እንዲያውም ቤተሰቡ ይኮራበት ነበር። ዘመናዊውን ትምህርት በተመለከተም ቢሆን አዲስ አይደለንም። ዣክ ፋይትሎቪች በ1905 ወደ አውሮፓ የወሰዷቸው ታምራት አማኑኤል በፓሪስና በፍሎረንስ ተምረው ተመለሱ። በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ልጆች የተከፈተውን ትምህርት ቤት መሩ። በ1963 በኢየሩሳሌም አረፉ፤ ወገናቸው ግን እስከ ዛሬ «ፕሮፌሰር ታምራት» እያለ ይጠራቸዋል። በእኛ ዘመን ደግሞ ፕሮፌሰር አንበሳ ተፈራ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የሴም ቋንቋዎችን አስተምረዋል፤ ስለ ሲዳምኛ ሰዋስውም መጽሐፍ ጽፈዋል። ስለዚህ መንገዱ የተከፈተ ነው።

አሁን መንገዱን በዓመት እንቁጠረው፤ ወላጅ ርዝመቱን አስቀድሞ ካወቀ አይደነግጥምና። ከጦር ሠራዊት በኋላ የመጀመሪያው ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 3 ዓመት፣ ሁለተኛው 2 ዓመት፣ ዶክትራት 4 ወይም 5 ዓመት ይወስዳል። ከዚያም «ፖስት ዶክትራት» የሚባል አለ፤ ብዙውን ጊዜ ወደ ውጭ አገር ሄዶ 1 ወይም 2 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በምርምር መቆየት ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቦታ ከተገኘ ማርጼ ይሆናል፤ ቀጥሎ ማርጼ ባኺር፣ ቀጥሎ ፕሮፌሰር ሐቨር፣ በመጨረሻም ሙሉ ፕሮፌሰር። እንግዲህ በ21 ዓመቱ የጀመረ ልጅ ቋሚ ቦታ የሚያገኘው ወደ 40 ዓመቱ ገደማ ሊሆን ይችላል። ይህን ስነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ? አውቀን እንታጠቅ ብዬ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ድምፅ ሳያሰሙ የሚዘጉ ሦስት በሮች አሉ።

አንደኛው በር ገና በ9ኛና በ10ኛ ክፍል የሚዘጋው ነው። ልጁ በሒሳብና በእንግሊዝኛ በየትኛው ቡድን ነው ያለው? በ3 የሂዶት ነው ወይስ በ5? የምርምር ጽሑፍ አብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆነ እንግሊዝኛ በደካማ ቡድን የቀረ ልጅ በኋላ ብዙ ይቸገራል። ወደ ወላጆች ስብሰባ ስትሄዱ «ልጄ ጎበዝ ነው ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። «በስንት የሂዶት ይማራል? ከፍ እንዲል ምን ይፈለጋል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ለእርሱ ይሄ ይበቃዋል» የሚል መልስ ከተሰጣችሁ ምክንያቱ እንዲብራራላችሁ አጥብቃችሁ ያዙ።

ሁለተኛው በር በሁለተኛው ዲግሪ ላይ ያለው ነው። ሁለት ዓይነት ሁለተኛ ዲግሪ አለ፤ ከቴዛ ጋርና ያለ ቴዛ። ቴዛ ማለት ተማሪው ራሱ መርምሮ የሚጽፈው ጽሑፍ ነው። ያለ ቴዛ ያለው ይቀላል፣ ቶሎም ያልቃል፤ በሥራ ቦታ ደመወዝ ለማሳደግም ይጠቅማል። ወደ ዶክትራት የሚያስገባው ግን ባለ ቴዛው ነው። ይህን ሳያውቁ ቀላሉን መርጠው ኋላ ተመልሰው ቴዛ ለማሟላት ዓመት የጨመሩ አሉ። በኮሌጅ የጀመራችሁ ወጣቶችም ተስፋ አትቁረጡ። ነጥባችሁ ጥሩ ከሆነ ለምርምር ዲግሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሻገር ይቻላል፤ አንዳንዴ የማሟያ ትምህርት ይጠየቃል።

ሦስተኛው በር ከዶክትራት በኋላ ያለው ነው። በየሴሜስተሩ እየተቀጠረ የሚያስተምር ሰው በዕብራይስጥ ማርጼ ሚን ሃሁጽ ይባላል። ሥራው ክቡር ነው፤ ነገር ግን ክቪዑት የለውም። ከአንዱ ኮሌጅ ወደ ሌላው ሲሮጥ ለምርምር ጊዜ ያጣል። ወንበሩን የሚያስገኘው ደግሞ ታትሞ የወጣ ምርምር ነው። ስለዚህ ፖስት ዶክትራት የማግኘት ዕድል ያለው ሰው «እዚሁ ላስተምር፣ ይሻላል» ብሎ ዕድሉን ከመተዉ በፊት ደግሞ ደጋግሞ ያስብበት።

ስለ ገንዘብም ልናገር። ከዶክትራት ላይ ያለ ተማሪ ሁልጊዜ ከወላጅ ኪስ የሚኖር አይምሰላችሁ። ብዙዎቹ ሚልጋ ያገኛሉ፤ እየረዱ በማስተማርም ደመወዝ ያገኛሉ። ከእኛ ከገዴራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሬሆቮት የቫይዝማን ተቋም አለ። በ1934 የተመሠረተ ሲሆን ለሁለተኛ ዲግሪና ለዶክትራት ብቻ ያስተምራል፤ ተቀባይነት ያገኘ ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ ለመኖሪያውም ሚልጋ ይሰጠዋል። እዚያው ሬሆቮት የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ፋኩልቲ አለ። ስለ መሬት፣ ስለ ዘር፣ ስለ ከብት የሚመረመርበት ነው። ከገበሬ ቤት ለወጣን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር ነውን? ለኢትዮጵያ ተወላጆች የተለዩ ሚልጋዎችም ስለሚወጡ በየዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ቢሮ በየዓመቱ ጠይቁ።

ወጣቶች ሆይ፤ ለእናንተ አንድ ነገር አለኝ። እኛ ያደግነው በታላቅ ፊት ዝም ማለት፣ ዓይንን ዝቅ ማድረግ ክብር መሆኑን እየተማርን ነው። ይህ መልካም አስተዳደግ ነው፤ በቤት ጠብቁት። በዩኒቨርሲቲ ግን ዝም ያለ ተማሪ አላዋቂ ይመስላቸዋል። መምህሩ ተማሪ የሚቀበልበት ሰዓት አለው፤ በዚያ ሰዓት በሩን አንኳኩታችሁ ግቡ፣ ጠይቁ፣ ተከራከሩ። ዶክትራት የሚሠራው ከአንድ መምህር ሥር ሆኖ ነው፤ መምህሩም የሚመርጠው የሚያውቀውን ተማሪ ነው። በትሕትና መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ወላጆች ደግሞ ከእናንተ የሚፈለገው ዕብራይስጥ ማንበብ አይደለም። የሚማረው ልጅ በየሳምንቱ እናቱን ወደ ኩፓት ሆሊም፣ አባቱን ወደ ባንክ፣ አጎቱን ወደ ምስራድ ሃክሊታ እያደረሰ የሚያስተረጉም ከሆነ መቼ ያነባል? ሸክሙን በወንድምና በእህት መካከል አካፍሉት። በፈተና ሰሞን ለቅሶና ሠርግ ላይ ባይታይ «ዘመድ ናቀ» አትበሉት፤ እናንተ ሄዳችሁ ስለ እርሱ ይቅርታ ጠይቁለት። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ወንድሟ ሲያነብ እርሷ ወጥ ቤት ከሆነች ዶክትራቱን ገና ድሮ ወስነንባታል።

እውነቱን ለመናገር የጀመረ ሁሉ ወንበሩን አያገኝም። የዩኒቨርሲቲ ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ፉክክሩም ለማንም ከባድ ነው። ሆኖም ዶክትራት የጨረሰ ሰው ባዶ እጁን አይቀርም፤ በሆስፒታል፣ በኢንዱስትሪ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራል። የሚያስቆጨው ሞክሮ ያላገኘው አይደለም፤ መሞከር እንደሚችል ሳይነገረው የቀረው ነው።

ይህች የምንኖርባት ገዴራ በ1884 ስትመሠረት ከመሥራቾቿ መካከል በሩሲያ ትምህርታቸውን ትተው መሬት ሊቆፍሩ የመጡ ተማሪዎች ነበሩበት። እነርሱ ከመጽሐፍ ወደ ዶማ መጡ። አባቶቻችን ደግሞ ዶማውን ይዘው መጡ። የእነዚህ ገበሬዎች ልጆች እስከ መጽሐፉ መጨረሻ ቢሄዱ ለአገሪቱም ትርፍ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ «ገና እማራለሁ» ሲላችሁ «እስከ መቼ?» ከማለታችሁ በፊት «ምንድን ነው የምትመረምረው? እስቲ አስረዳኝ» በሉት። የጠየቀውን የመረዳት ግዴታ የለባችሁም። ሲያስረዳችሁ ግን ቤቱ ከእርሱ ጋር መሆኑን ያውቃል።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ።