እማዬ ትነሳ

(የመግቢያ ዜማ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ «እማዬ፣ አንቺ አረፍ በይ፣ እኛ አለንልሽ» ማለት ይቀናናል። ደግነት ነው፤ ግን ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው የእግሩ ጡንቻ እየሳሳ፣ ሚዛኑም እየከዳው ይሄዳል። ይልቅ «እስቲ ጎረቤት ቡና ደርሰሽ ነይ» በሏት፤ ስፖርት ከተባለማ አትነሳም።

ከአልጋ ስትነሳ ጠርዙ ላይ ትንሽ ትቀመጥ። በተለይ የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ፣ ድንገት ብድግ ማለት ሊያዞራት ይችላል። በነጠላ ጫማ ፋንታ ተረከዝ የሚይዝ ታድርግ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ምርኩዝ ላይ ነው። የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው፤ እርምጃው ግን ከታመመው እግር ጋር እኩል ነው። ቀጥ ብላ ቆማ እጇን ስታወርድ፣ እጀታው አንጓዋ ጋ ይድረስ። ከአባት የተወረሰው ረጅም ዘንግ ያምራል እንጂ ለዚህ አይሆንም።

በቅርቡ ወድቃ ከነበረ መጀመሪያ ሐኪም ይያት።